ለአራስ ልጄ የጤና መድኅን መቼና እንዴት ላስመዝግብ?

ጥያቄ፦ ቤታችን ምዕራብ ጎጃም ነው፤ አራሾች ነን። ባለፈው የካቲት የጤና መድኅን መዋጯችንን ከፍለን ደብተራችንን አሳድሰናል። ደብተሩ ላይ ያለነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። አሁን የመጀመሪያ ልጄን፣ ሴት ልጅ፣ በጤና ጣቢያ ወልጄ 26 ቀኗን ይዛለች። የምታረሰው እናቴ ቤት፣ ምሥራቅ ጎጃም ነው። በ19 ቀኗ አተኮሳትና በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድናት። «ስሟ ደብተሩ ላይ የለም» ተባልንና ካርዱንም ምርመራውንም መድኃኒቱንም ከኪሳችን ከፈልን። ባለቤቴ ቀበሌ ሄዶ ሲጠይቅ «እድሳት ሲደርስ ይጻፋል» አሉት። አማቴ ደግሞ ክርስትና ሳትነሣ ስሟ ወረቀት ላይ አይሰፍርም ይላሉ። እናቴ «የእህትሽን ልጅ ደብተር ይዘን እንሂድ፣ ማን ያውቃል» ይሉኛል። ግራ ገባኝ። የከፈልነውስ ገንዘብ ይመለስልን ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጅሽንም ታሳድግልሽ። ጥያቄሽ አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ አራት ነገር አለ፤ የልጅቷ ጤና፣ የደብተሩ ጉዳይ፣ የስሟ ጉዳይና የወረዳው ጉዳይ። አንድ በአንድ እንፈታዋለን።

ከጤናዋ እንጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሲያተኩሰው ቤት ውስጥ «እስኪ ዛሬን እንይ» አይባልም። ጡት አልይዝ ካለች ወይም መጥባቷ ከደከመ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ሙቀቷ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ገላዋ ቀዝቅዞ ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ትንፋሿ በደቂቃ 60 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ እትብቷ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ መዳፏና የእግሯ መርገጫ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ካልነኳት በቀር የማትንቀሳቀስ ከሆነ፣ ደብተር ኖረም አልኖረ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ትንፋሿን ስትቆጥሪ ተኝታ ወይም ጸጥ ብላ ሳለች ልብሷን ገልጠሽ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። 60 ከሞላ አንዴ ደግመሽ ቁጠሪ። በ19 ቀኗ ወስዳችሁ ማሳከማችሁ ልክ ነበር፤ ገንዘቡ አይቆጫችሁ።

ሌላው ማወቅ ያለብሽ ነገር፣ ለልጅቷ ከሚያስፈልጋት አገልግሎት ጥቂት የማይባለው መድኅን የሌለውም ሰው በነፃ የሚያገኘው መሆኑ ነው። በጤና ጣቢያ መውለድ፣ ከወሊድ በኋላ የሚደረግ ክትትልና ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋም ከክፍያ ነፃ ናቸው። ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለሕፃናት የምትሰጠውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ደብተሩ ላይ አልተጻፈችም» ብሎ ክትባት የሚያስቀር ቢኖር አትስሚው። ስትወለድ ክንዷ ላይ የሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ተሰጥተዋት እንደሆነ የክትባት ካርዷን ገልጠሽ እይ። ቀጣዩ በስድስት ሳምንቷ፣ በተለምዶ 45 ቀን የምንለው ነው። ለአንቺ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል ማለት ነው። ይህን ክትባት እናትሽ ዘንድ ሆነሽም ማስከተብ ትችያለሽ፤ የክትባት ካርዷን ብቻ ይዘሽ ሂጂ።

መድኅኑ የሚያስፈልገው ከዚህ ለሚተርፈው ነው፤ ለትኩሳቱ፣ ለሳሉ፣ ለተቅማጡ፣ ለላቦራቶሪው፣ ለመድኃኒቱ፣ ሆስፒታል ቢያስተኟት ለአልጋው። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው በዚህ ነው። በቤታችሁ ካሉት ሰዎች ሁሉ ደብተሩን አብዝታ የምትጠቀምበት እሷ ልትሆን ነው፤ ቸል ሳይባል ስሟ መግባት ያለበትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ። የእናንተው መድኅን፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሚባለው፣ አባል የሚያደርገው ቤተሰብን እንጂ ግለሰብን አይደለም። ባልና ሚስት 18 ዓመት ካልሞላቸው ልጆቻቸው ጋር በአንድ ደብተር ይሰፍራሉ፤ «እኔን ብቻ» ወይም «ልጄን ብቻ መዝግቡልኝ» ማለት አይቻልም። የታመመው ብቻ እየተመረጠ ከገባ መዋጮው የሚጠራቀምበት ቋት በአንድ ዓመት ይራቆታል፤ ሕጉ ቤተሰቡን በሙሉ የጠየቀው ይህን ፈርቶ ነው። ይኸው ሕግ ግን ለአንቺ ይረዳሻል። መዋጮውን የከፈላችሁት እንደ ቤተሰብ ከሆነ፣ ልጅቷ ደግሞ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ አካል ከሆነች፣ የሚጎድለው መመዝገቧ ብቻ ነው። አዲስ አባል እንደሚገባ ሰው የአባላት ማፍሪያውን ወቅት የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ በቤተሰብ ላይ የመጣ ለውጥ ስለሆነ በተከሰተ ጊዜ ማሳወቅ ነው።

ታዲያ ጤና ጣቢያው ለምን መለሳችሁ? ሠራተኛዋ ክፉ ሆና አይደለም። ጤና ጣቢያው አባላትን በዱቤ ያክምና በኋላ የእያንዳንዱን ታካሚ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የደብተር ቁጥርና የተሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ገንዘቡን ከመድኅኑ ይጠይቃል። ዝርዝሩ ይመረመራል። በአባልነት ያልተመዘገበ ሰው ከተገኘበት የዚያ ሕክምና ሂሳብ ይሰረዝና ኪሳራው በጤና ጣቢያው ላይ ይወድቃል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደብተሩን ገልጣ ስም የምትፈልገው ለዚህ ነው። «እናቷ አባል ናት እኮ» ብሎ መሟገት እምብዛም አያዋጣም፤ ስሟን ማስጻፍ ይቀላል።

ቀበሌው «እድሳት ሲደርስ» ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥራ ልማድ የሚመጣ ነው። ጎጃም ውስጥ መዋጮ የሚሰበሰበው እህል ከተወቃ በኋላ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖረው ነው። የስም ዝርዝሩም ያኔ ተጠርዞ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አንድ ስም ለብቻው መላክ ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ተጨማሪ ጣጣ ነው። ጣጣውን ልታቀልሉለት የምትችሉት ጉዳዩን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ሰነዱን አሟልታችሁ ስታቀርቡ ነው። በቃል የተጠየቀ በቃል ይመለሳል።

ባለቤትሽ ይዞ የሚሄደው ይህን ነው፦ የመድኅን ደብተሩ ራሱ (ኮፒው አይደለም)፣ የዘንድሮው መዋጮ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ልጅቷ የተወለደችበት ጤና ጣቢያ የሰጣችሁ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት፣ የሁለታችሁም መታወቂያ። ቀበሌው የልጅ ፎቶ የሚጠይቅ ከሆነ ያንንም ይጨምር፤ ቀድሞ ስልክ ደውሎ መጠየቅ አንድ ምልልስ ያተርፍለታል። አንቺም ልጅቷም መሄድ አያስፈልጋችሁም። አራስን በጠዋት ብርድ ቀበሌ ደጅ ማስቆም ማንም አይጠይቅም፤ ከተጠየቀም እምቢ በይ።

የልደት ማሳወቂያው እጃችሁ ላይ ከሌለ መጀመሪያ እሱን አምጡ። ጤና ጣቢያ የወለደች እናት ይገባታል፤ ብዙዎች ግን ከማዋለጃ ክፍል ሲወጡ ገንፎውንና መኪናውን እያሰቡ ሳይቀበሉት ይሄዳሉ። የወለድሽበትን ቀን ከነገራችኋቸው ከማዋለጃ መዝገቡ ላይ አይተው ይጽፉታል። ቤት ለወለደች ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት ለቀበሌው የምታሳውቀው። ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ የአንቺን ሙሉ ስም እዩ፤ በመድኅን ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በአንዱ «ሙሉ» በሌላው «ሙሉነሽ» ተብሎ ከተጻፈ ነገ «ይቺ የዚያች ልጅ ለመሆኗ ማስረጃ አምጪ» ይመጣል። የልደቷን ቀንና ጾታዋንም እዩ። ሴት ተወልዳ «ወ» ተብሎ የተመዘገበ ሕፃን ሞልቷል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። እንዲህ ብትጽፉት ይበቃል፦

«ለ……… ቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ አዲስ የተወለደች ልጅን በጤና መድኅን ስለማካተት። እኔ አመልካች በደብተር ቁጥር ……… የተመዘገብሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ስሆን የዘንድሮውን መዋጮ በደረሰኝ ቁጥር ……… ከፍያለሁ። በ……… ቀን ……… ዓ.ም በ……… ጤና ጣቢያ የተወለደችው ልጄ ……… በቤተሰቤ ዝርዝር ውስጥ እንድትካተትልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የልደት ማሳወቂያ፣ የደረሰኝና የመታወቂያ ኮፒ አያይዣለሁ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጁትና አንዱ ላይ የተቀበላችሁ ሰው ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት። ይህቺ ፊርማ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ወረዳ ሄዳችሁ ስታመለክቱ «ቀበሌያችሁን መቼ ጠየቃችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሷ ናት።

ቀበሌው ስሟን በደብተሩ የቤተሰብ ገጽ ላይ ሲጽፍ ባለቤትሽ ሦስት ነገር ይይ። አንደኛ፣ የዕድሜ ቦታ ላይ «0» ወይም «1» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ የተወለደችበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ። «1» ተብሎ የተጻፈች ልጅ በሁለት ወሯ ጤና ጣቢያ ስትቀርብ ደብተሩ ላይ ያለችው ልጅ አትመስላቸውም። ሁለተኛ፣ በእጅ የተጨመረው መስመር ላይ ማኅተም ይረፍ። ከእድሳት በኋላ በሌላ እስክሪብቶ የገባ ስም ማኅተም ከሌለው ባለቤቱ ራሱ የጻፈው ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ሦስተኛ፣ ስሟ በደብተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ቀበሌው በያዘው መዝገብ ላይም ይግባ፤ ከዚያም ለወረዳው የጤና መድኅን ክፍል ይተላለፍ። የአባላትን ዝርዝር ከወረዳ ተቀብሎ የሚያመሳክር ጤና ጣቢያ ካለ ደብተራችሁ ሙሉ ሆኖም «ከዝርዝሩ ላይ የለችም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ገበያ ቀን ወረዳ ከተማ ሲወርድ ወደ መድኅን ክፍሉ ጎራ ብሎ በደብተር ቁጥራችሁ ስንት ሰው እንዳለ ይጠይቅ። ሦስት ካሉት አበቃ።

መንገዱ ወይም ቢሮው ለሳምንታት የሚዘጋበት ጊዜ እንደሚኖር እናውቃለን። ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጥሩ መንገድ ናት። በቤት ለቤት ሥራዋ የተወለዱ ሕፃናትን ትመዘግባለች፣ ቀበሌውንም ጤና ጣቢያውንም ታገኛለች። ማመልከቻውን በእሷ በኩል ማድረስ ይቻላል።

አማትሽ ስለ ስሙ ያነሡት ነገር ቀላል አይደለም፤ ብዙ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። የልደት ምዝገባ ሕጉ ደግሞ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም (ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበው ሠራተኛ) ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ በሥራ ላይ የዋለውም ከሐምሌ 28 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ክርስትናውን ጠብቃችሁ፣ ድግሱን አሳልፋችሁ፣ እንግዳ ሸኝታችሁ ቀበሌ ለመሄድ የሚቀራችሁ አሥር ቀን ነው ማለት ነው። ለወንድ ልጅ በ40 ቀን ስለሚነሣ ሃምሳ ቀን ይተርፋል፤ ለሴት ግን ጠባብ ነው። 90 ቀን ቢያልፍ ምዝገባው አይቀርም፣ ግን የዘገየ ምዝገባ ይሆንና ምክንያትና ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል።

መፍትሔው አማትሽን ሳታስቀይሙ ይገኛል። ቄሱ የሚያወጡላት የክርስትና ስም የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀበሌም ጤና ጣቢያም አይጽፉትም። ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የዓለም ስሟ ነው፤ እሱን ደግሞ አሁኑኑ ማውጣት ትችላላችሁ። እንዲያውም አማትሽ ራሳቸው ያውጡላት፤ ልባቸውም ይረጋል፣ ነገሩም ያልቃል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ አማትሽ አንድ፣ እናትሽ ሌላ፣ አባቷ ሌላ ስም የሚጠሯት ከሆነ ለወረቀት የሚሆነው አንዱ ተመርጦ በልደት ምዝገባውም፣ በመድኅን ደብተሩም፣ በክትባት ካርዷም ላይ እሱ ይጻፍ። ቤት ውስጥ እንዳሻችሁ ጥሯት። የሪፈር ወረቀቷ ላይ በአንድ ስም፣ ደብተሩ ላይ በሌላ ስም ከሰፈረች ሆስፒታሉ ላይቀበላት ይችላል።

ስም እስኪወጣላት «ሕፃን» ብላችሁ አስጽፋችሁ ኋላ ለማስተካከል ከማሰብ ስሙን አውጥቶ መሄድ ይሻላል። የሚያስተካክለው ሰው ያው አንዴ ያመላለሳችሁ ሰው ነው።

የልደት ምዝገባና የመድኅን ምዝገባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ግን ሁለቱም በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት የሚሠሩ ስለሆኑ በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። የልደት ምዝገባው የሚደረገው መደበኛ መኖሪያችሁ ባለበት ቀበሌ ነው፤ እናትሽ ቀበሌ ሄዳችሁ አትድከሙ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መዋጮው የቤተሰብ ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላ ልጅም የቤተሰቡ አካል ሆኖ ይቆጠራል። አንዳንድ ቦታ ግን ክፍያው በቤተሰብ ብዛት እርከን ተበጅቶለታል። እናንተ ሁለት ነበራችሁ፣ አሁን ሦስት ሆናችኋል፤ ይህ ወደ ላይኛው እርከን የሚያሸጋግራችሁ ከሆነ በሚቀጥለው እድሳት ልዩነቱ ይመጣል። አሁን በዓመቱ አጋማሽ ላይ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ምን ተብሎ እንደሆነ ጠይቁና በደረሰኝ ክፈሉ። ያለ ደረሰኝ «ለማስጻፊያ» የሚባል ነገር የለም።

በ19 ቀኗ የከፈላችሁትን በተመለከተ፣ ስሟ ሳይመዘገብ የወጣ ወጪ ስለሆነ ይመለስልናል ብላችሁ አትቁጠሩ። ደረሰኙን ግን አትጣሉ። ወረዳው ዘንድ ለምዝገባ ስትሄዱ ድንገተኛ ሕመም እንደነበረ ጠቅሳችሁ ደረሰኙንና የመድኃኒት ማዘዣውን ኮፒ ብታሳዩ ጉዳት የለውም። ቢመለስ ትርፍ ነው።

አራተኛው ነገር ወረዳው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ ደብተሩ ላይ ብትኖርም ያን ቀን ልትመለሱ ትችሉ ነበር። የመድኅን ክፍያ ውል የሚዋዋለው አባሉ በሚኖርበት አካባቢ ካሉ ጤና ተቋማት ጋር ነው። አንቺ የምትታረሽው በሌላ ዞን ነው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ከእናንተ መድኅን ጋር ውል ከሌለው ደብተራችሁን አይቶ በነፃ ሊያክም አይችልም፤ ገንዘቡን የሚጠይቀው ከማን ነው? ሕክምናው በመሰላል ነው የሚሄደው፦ መጀመሪያ የራሳችሁ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ያሉት ትልልቆቹ። መሰላሉን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ድንገተኛ ሕመም ግን ሪፈር አያስጠብቅም፤ ቅርብ ወደሆነው መውሰድና ወዲያው ለቀበሌው ወይም ለወረዳው መድኅን ክፍል በስልክ ማሳወቅ ነው።

ስለዚህ እናትሽ ቤት ሳለሽ እንዲህ አድርጊ። ባለቤትሽ ወረዳው መድኅን ክፍል ሲሄድ «ባለቤቴ በእንትን ወረዳ ነው የታረሰች፤ በዚያ ውል ያላችሁ ጤና ጣቢያ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ካለ ስሙን ያምጣልሽ። ከሌለ፣ የሚያጣድፍ ያልሆነው ሕመም ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ይታያል፤ የሚያጣድፈው ደግሞ እዚያው ይታከማል፣ ደረሰኙም ይያዛል። ጉዞውን ከቻላችሁት ልጅቷን ሳታስቸግሪ ቀደም ብሎ ወደ ቤት መመለስም ራሱ መፍትሔ ነው፤ ይህን ግን አንቺና እናትሽ የምትመክሩበት ነው። አራስነት ለአንድ ደብተር ተብሎ አይቋረጥም።

ደብተሩ ራሱ ማን ዘንድ ይሁን የሚለውም ይታሰብበት። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ደብተር ስለሆነ አንዳችሁ ስትይዙት ሌላው ባዶ ነው። ልጅቷ ከተጻፈች በኋላ ደብተሩ ከአንቺ ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ ባለቤትሽ የሁሉንም ገጽ ፎቶ በስልኩ ያንሣ። ፎቶው ለማሳከም ባይበቃውም ደብተሩ ቢጠፋ ቁጥሩን ያስገኛል፤ ምትክ ለማውጣት መጀመሪያ የሚጠየቀውም ቁጥሩ ነው።

የእህትሽን ልጅ ደብተር ስለመጠቀም እናትሽ ያሉት ከርኅራኄ ነው፤ እኛም እንረዳቸዋለን። ግን አታድርጉት። ከተደረሰበት የእህትሽ ቤተሰብ ደብተር ሊታገድ ይችላል፤ የምታሳክሙት አንድ ልጅ፣ ከሕክምና የምታስወጡት አንድ ቤተሰብ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላው ነው። ጤና ጣቢያ በእያንዳንዱ ስም የሚያስቀምጠው መዝገብ አለ። የእህትሽ ልጅ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው፣ ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዘው ለዓመት ከመንፈቅ ልጅ ክብደት ነው፤ ለ26 ቀን አራስ ያ መጠን መርዝ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የልጅሽ ሕመም በሌላ ልጅ መዝገብ ላይ ይጻፍና ነገ ያ ልጅ ሲታመም የእሷ ታሪክ ለእሱ ይነበባል። እናትሽን በዚህ አስረጃቸው፤ «ሕግ ነው» ከማለት ይልቅ ይህን ይሰማሉ።

የመድኃኒት ነገር ካነሣን፣ ደብተሩ ሙሉ ሆኖም ጤና ጣቢያው «መድኃኒቱ የለም» የሚልበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ዝም ብለሽ የግል ፋርማሲ አትግቢ። መጀመሪያ መድኅኑ ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት፣ ለምሳሌ የማኅበረሰብ ወይም የከነማ ፋርማሲ፣ በአካባቢው እንዳለ ጠይቂ። ከሌለም ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ማኅተም ያድርጉበት። ማኅተም የሌለው ማዘዣ ይዞ «ከውጭ ገዝቼ ነው» ብሎ ገንዘቡን መጠየቅ ማንንም አያሳምንም።

ቀበሌው በጽሑፍ ጠይቃችሁትም «እድሳት» ካለ፣ የተፈረመበትን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ወረዳው የጤና መድኅን ክፍል ሂዱ። እዚያም ካልሆነ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ። አብዛኛው ጉዳይ ወረዳው ላይ ያልቃል። ጎጃም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር። አዲስ የተወለደ ልጅ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የወረዳ ባለሙያ አይኖርም ብለን እናስባለን።

ይህን ደብዳቤ ለምታነብ ነፍሰ ጡርም አንድ ቃል። ደብተራችሁ ያልታደሰ ከሆነ ልጁን ማስመዝገቢያ የለም፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይከፍላል። አዲስ አባል ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላ የተመለሰ ሰው ከፍሎ በማግሥቱ መታከም አይጀምርም፤ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ሰባተኛ ወራችሁ ላይ ለክትትል ስትሄዱ ደብተሩን አብራችሁ ያዙና የእድሳቱን ማኅተም እዩ። መዋጯቸውን መንግሥት የሚሸፍንላቸው ቤተሰቦችም ልጅ ሲወለድ ስሙን ማስጻፍ አለባቸው፤ በነፃ ነው ተብሎ ስም በራሱ አይገባም።

እህታችን፣ በመጪው እድሳት ደግሞ አዲስ ደብተር ከተሰጣችሁ ወይም ዝርዝሩ እንደገና ከተጻፈ የልጅቷ ስም ከአሮጌው ወደ አዲሱ መዛወሩን ባለቤትሽ ከቀበሌ ሳይወጣ ይይ። በዓመቱ መሐል በእጅ የተጨመሩ ስሞች በግልበጣ ላይ ይረሳሉ፤ ጸሐፊው የሚገለብጠው ባለፈው ዓመት ከተጠረዘው ዝርዝር ሊሆን ይችላልና።